ቤተኛና ባይተዋር በሥራ ቦታ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ያልሰማ፣ ሰምቶም መልሶ ያልተናገረው ኢትዮጵያዊ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሽማግሌ ሲያስታርቅ፣ ሹም ሕዝብን ለሥራ ሲቀሰቅስ፣ መምህር ተማሪዎቹን ሲመክር ይጠቅሰዋል። ይሁን እንጂ ይህ የኅብረት ተረት የተገኘው ከሸማኔ ቤት መሆኑን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? ድሩን ያደራው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያመላለሰው ያ ባለሙያ በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል ለብዙ ዘመን ከጎረቤቱ ጋራ ተስተካክሎ በአንድ ማዕድ ሳይቀመጥ ኖሯል። እኛ ከእጁ ልብሱን፣ ከሥራውም ምሳሌውን ወሰድን፤ ሰውየውን ግን ከደጅ አስቀረነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነገር ነው። ሰዎች ተሰብስበው በሚሠሩበት ቦታ አንዱ ቤተኛ፣ ሌላው ባይተዋር የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ባይተዋሩንስ ቤተኛ የሚያደርገው ደመወዝ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከመመለስ ይልቅ የራሳችንን ታሪክ ብንጠይቅ የተሻለ መልስ እናገኛለን።

በመጀመሪያ የቀድሞውን ነገር እንመልከት። ገበሬው ማለዳ ተነሥቶ በሬዎቹን ሲጠምድ ማረሻውን የሠራለት ቀጥቃጭ ነው። ባለቤቱ እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድና ቡና የምታፈላበትን ጀበና የሠራችላት ሸክላ ሠሪ ናት። በብርድ የሚደርበው ጋቢ ከሸማኔ እጅ የወጣ ነው። ካህኑ የሚያነበው መጽሐፍ የተጻፈው ቆዳ ፍቆ፣ ወጥሮ፣ አለስልሶ ብራና የሚያደርግ ባለሙያ ደክሞ ባዘጋጀው ገጽ ላይ ነው። እንግዲህ ያለ እነዚህ ሰዎች እርሻም፣ ማዕድም፣ ልብስም፣ መጽሐፍም አልነበረም ማለት ነው።

ነገር ግን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ የሚሉት ስሞች የሙያ ስሞች መሆናቸው ቀርቶ ስድብ ሆኑ። ከሁሉም የሚያስደንቀው ጠይብ የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ጠቢብ ከሚለው ቃል ጋራ የሚዛመድ፣ ትርጓሜውም ዐዋቂ፣ ብልኀተኛ ማለት ሲሆን፣ በሰው አፍ ሲመላለስ ኖሮ ዐዋቂነቱ ተረስቶ ማዋረጃ ብቻ ሆኖ ቀረ። ባለ እጁም ቡዳ ነው፣ በዐይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል እየተባለ ተወራበት። ከርሱ ጋራ መጋባት ነውር ሆነ። በአንዳንድ አውራጃም አብሮ መብላትና በአንድ የመቃብር ስፍራ መቀበር እንኳ ተከለከለ።

የዚህ ሁሉ ምክንያቱ ምን ነበር? ከብዙዎቹ ምክንያቶች ዋናው ርስት ነው። በቀድሞው ሥርዐት የሰው ክብሩ የሚመዘነው በመሬቱ ነበርና፣ መሬት ያለው አርሶም አሳርሶም ይኖራል፤ መሬት ያጣው ግን በእጁ ጥበብ ከማደር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ የእጅ ሥራ የድካም ፍሬ መሆኑ ተረስቶ የርስት አልባነት ምልክት ሆነ። ከዚህም በላይ ብረትን በእሳት የሚያቀልጥ፣ ጭቃን ወደ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ምሥጢሩ ለማያውቀው ሁሉ የሚያስፈራ መስሎ ታየ። ንቀትና ፍርሃት በአንድነት ሲገናኙ የሚሠሩት አጥር ከድንጋይ አጥር የበረታ ነው።

ለዚህ ነገር የጎንደር ከተማ ጥሩ ምስክር ትሆናለች። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ግድም መናገሻቸውን በጎንደር ካደረጉ በኋላ፣ በርሳቸውና በተከታዮቻቸው ዘመን ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ። በዚህ ሥራ ከተካፈሉት መካከል ቤተ እስራኤል የሚባሉት ወገኖቻችን ነበሩ። እነርሱም አስቀድመው ከነገሥታቱ ጋራ በተደረገው ጦርነት የርስት መሬታቸውን በብዛት ያጡ ስለ ነበሩ፣ በግንበኝነት፣ በአናጢነት፣ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ነገሥታቱም ሙያቸውን ያውቁላቸው ነበርና ለአለቆቻቸው የማዕረግ ስም እስከ መስጠት ደርሰዋል።

ይሁን እንጂ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ግድም በጎንደር በተደረገው ጉባኤ፣ ቤተ እስራኤልና እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ግንቡን የሠራው ሰው ከግንቡ ሥር ከሚኖረው ሕዝብ ጋራ ጎረቤት እንዳይሆን ተከለከለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሥራ ዋጋ ተከፍሏል፤ ሹመትም ተሰጥቷል፤ ጉርብትና ግን ተነፍጓል። እነዚህ ሰዎች ለሥራው ሲፈለጉ ይጠራሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ባይተዋር ይሆናሉ። ከጎንደር በስተሰሜን በቅርብ ርቀት በምትገኘው በወለቃ መንደር የሸክላ ሥራ የሚሠሩት ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል። የሄዱበት ምክንያት በመጀመሪያ የሃይማኖትና የተስፋ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ቢሆንም በተወለዱበት አገር ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ባይተዋር መቈጠራቸው ከታሪኩ ሊፋቅ የሚችል አይደለም።

ከጎንደር ብዙም ሳንርቅ ወደ ደብረ ታቦር እንለፍ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያዋን ራስዋ እንድትሠራ የነበራቸውን ምኞት የፈጸሙት በዚህ ስፍራ ነው። ከስዊስና ከጀርመን አገር ለወንጌል ስብከት መጥተው የነበሩትን የእጅ ባለሙያዎች በዚያ አሰፈሯቸው፤ ከነዚህም አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ኑሮው መጽሐፍ ጽፎ የተወው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው። የአገሩ ልጆችም ከነርሱ ሥር ሆነው ሙያ እንዲለማመዱ ተደረገ። ብዙ ጊዜ ተሞክሮ ካልተሳካ በኋላ በመጨረሻ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ቀለጠ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሥራን የማይንቁ ንጉሥ ነበሩ። መድፉ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ መንገድ በሌለበት ገደልና ተራራ መንገድ እየተጠረገ፣ በመቶ በሚቈጠሩ ሰዎች እየተጐተተ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቷል። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ መንገድ እየጠረጉ ከሠራተኛው ጋራ ይደክሙ እንደ ነበር የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል። በዚያ ዘመን ንጉሥ ከወዛደር ጋራ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲሠራ ማየት እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ታዲያ ጋፋት ለምን አልቀጠለም? ጦርነቱና የንጉሡ ሞት አንደኛው ምክንያት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ ሌላ ነገር ተበላሽቶ ነበር። በጋፋት ይሠሩ የነበሩት ባለሙያዎች በክብር ተይዘው፣ ሽልማትም ተቀብለው ሳለ፣ ወደ አገራቸው ለመመለስ ፈቃድ አልነበራቸውም። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከጋፋት ተነሥተው ወደ ደብረ ታቦር ሲወሰዱ እንደ እስረኛ ሆኑ። በፍርሃት የሚሠራ ሰው የታዘዘውን ይሠራል፤ ያልታዘዘውን ግን አያስብም፤ ዕውቀቱንም እንደ ገዛ ቤቱ ሀብት ለሚተካው አያወርስም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉን የወለደው የሥራ ቤት ግን ሁለተኛ ትውልድ አላየም። ስለዚህ የአለቃው ብርታትና ትጋት ብቻውን ሠራተኛውን ቤተኛ አያደርገውም፤ ነፃነት ከርሱ ጋራ ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛው ምስክራችን ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት ዐዋጅ ነው። በዚያው ዓመት በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሹመው ነበር። የምድር ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ ዳዋ ከደረሰ አምስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ሥራ ሲያስቡ የሚያግዳቸው የገንዘብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ አስተዋሉ። ሰው ሙያ እያለው በስድብ ምክንያት ሙያውን ይተዋል፤ ልጁም እንዳይማር ያደርጋል። ስለዚህ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውንና የሚነግደውን በሙያው ስም እየጠሩ መስደብ ክልክል መሆኑን ዐወጁ። የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታወሱ፤ ሠራተኛን የሚሰድብ እርሳቸውን እንደ ሰደበ የሚቈጠር መሆኑን ገለጡ፤ ይህን የተላለፈም አንድ ዓመት እንዲታሰር ወሰኑ።

ይህ ዐዋጅ በአፍ የሚነገር ስድብን ከአገር ጉዳት ጋራ ያያያዘ በመሆኑ ታላቅ ነው። ስድብ የግል ጠብ ብቻ ሳይሆን፣ አገርን ከዕውቀት የሚያራቁት በደል መሆኑን ዐፄ ምኒልክ ተረድተውታል። ይሁን እንጂ ዐዋጅ አንደበትን ይከለክላል እንጂ ልብን ወዲያው አይለውጥም። በአዲስ አበባ በቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች፣ በሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች ከተማውን ሲያለብሱና ሲያበስሉለት፣ ከዐዋጁ በኋላም ለብዙ ዓመታት በሐሜትና በሽሙጥ ሲኖሩ ቆይተዋል። ስማቸው በሕግ ተጠበቀላቸው፤ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ሸንጎ ግን አልተሰጣቸውም ነበር።

አራተኛው ነገር የፋብሪካ ዘመን ነው። ድሬ ዳዋ፣ አቃቂና ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲቆሙ፣ ወንጂም የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እናያለን። በእጁ ሲሸምን የተናቀው ሙያ በመኪና ሲሠራ ጊዜ የሚመኙት የደመወዝ ሥራ ሆነ። እንግዲህ ንቀቱ ከሥራው ባሕርይ የመጣ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በነዚህ ፋብሪካዎች የመጀመሪያው የወዳጅነት መያዣ ከአስተዳዳሪዎች የመጣ አልነበረም። ሠራተኞቹ ራሳቸው ከየአገራቸው ይዘውት የመጡት ዕድርና ዕቁብ ነው። ትናንት የማይተዋወቁ ሰዎች ዛሬ አንዱ ሲሞትበት ሌላው ድንኳን ይተክልለታል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ከደመወዙ ቀንሶ ያዋጣለታል። የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በሕግ ባልተፈቀደበት ጊዜ እንዲህ ያለው የመረዳጃ ማኅበር ሠራተኛው ስለ ራሱ ጉዳይ የሚመክርበት መድረክ ነበር።

በኋላም በ1954 ዓ.ም. ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ጸና። በዚህም መካከል፣ በ1955 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ከሆነች ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቈጥር ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ መሆኑ ነው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በሥራና በቅጥር በዘር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አስተያየትና በትውልድ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ የሚከለክለውን የዓለም ስምምነት ኢትዮጵያ ተቀበለች። ሠራተኛው በወኪሉ አማካይነት ከአሠሪው ጋራ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ቃሉን ለመስጠት ቻለ። ይህ ቃል እንደ ቀላል የሚታይ እንዳልነበረ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የተጀመረው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ለሁሉም አሳይቷል።

እንግዲህ አድማጮች ሆይ፤ አራቱን ምስክሮች በአንድነት እናቁማቸው። ጎንደር ዋጋና ማዕረግ ሰጠች፤ ጉርብትናን ነፈገች። ጋፋት ክብርንና የንጉሥን ትከሻ ሰጠች፤ ነፃነትን ነፈገች። የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ የሠራተኛውን ስም አከበረ፤ የሚናገርበትን መድረክ ግን አላዘጋጀም። የ1950ዎቹ ሕግ መድረኩን ሰጠ፤ ይሁን እንጂ የደረሰው በደመወዝ ተቀጥረው በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ለሚሠሩት እንጂ በየቤታቸው ለሚሸምኑትና ሸክላ ለሚሠሩት አልነበረም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሰው በሥራ ቦታው ቤተኛ የሚሆነው ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲሟሉለት ነው። የመጀመሪያው ስሙ ነው፤ ይኸውም በወላጆቹ ስም፣ በክብር እንጂ በሙያው ወይም በወገኑ ስድብ አለመጠራቱ ነው። ሁለተኛው ማዕዱ ነው፤ በምሳ ሰዓት ለብቻው ጥግ ይዞ እንዲበላ አለመገፋቱ፣ በሐዘኑና በደስታው የሥራ ባልደረቦቹ መገኘታቸው ነው። ሦስተኛው ቃሉ ነው፤ ስለሚሠራው ሥራ ሲናገር የሚሰማው፣ በደል ሲደርስበት አቤት የሚልበት ማግኘቱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ደመወዝ ቢጨመር፣ ግድግዳው በቀለም ቢያምር፣ የበዓል ድግስ ቢደገስ ሰውየው ያው ባይተዋር ነው።

ይህ የድሮ ነገር ነው፤ እኛ አልፈነዋል የሚል አድማጭ ቢኖር ወደ ራሱ ቤት እንዲመለከት እለምነዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት ሠላሳ ቀን፣ ከወሊድም በኋላ ዘጠና ቀን ከደመወዝ ጋራ ዕረፍት ሰጥቷል፤ በሥራ ቦታ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጾታዊ ትንኮሳም ከልክሏል። የቤት ሠራተኞችን ነገር ግን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። እንግዲህ ሕጉ በሙሉ ያልገባበት የሥራ ቦታ ቢኖር ሩቅ አይደለም፤ የእያንዳንዳችን ማድ ቤት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ራሳችንን እንጠይቅ። ከገጠር መጥታ በቤታችን የምትሠራዋን ልጅ የምንጠራት በስሟ ነው ወይስ በሌላ? እርስዋስ እራትዋን የምትበላው ከማን ጋራ ነው? ስታዝን፣ ስትታመም፣ የወላጅ ሞት ስትረዳ አጠገብዋ የሚቀመጥ ማን ነው? ሥራው እንዲህ ቢሆን ይሻላል ብላ ብትናገር የሚሰማት አለ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቀጥቃጩን ከማዕድ ያራቀው፣ የጎንደርን ግንበኛ ከጎረቤቱ የለየው ልማድ የተወለደው በሸንጎ ሳይሆን እንዲህ ባለው ቤትና ደጅ ነው። የሚሞተውም እዚያው ነው።

ሸማኔው ሲሸምን አንዱን ክር ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ ይሠራል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱን ክር ቈርጦ የሚጥል ሸማኔ የለም፤ ጨርቁ ይተለተልበታልና። አንበሳ የሚያስረው ድር ሁሉም ክር የገባበት ድር ነው።